ማስፈራራቱ ሰውን ቀሰቀሰው ወይስ አደነዘዘው?

መነሻ ጽሑፍ

ለአንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በበጎ ፈቃድ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። በራሪ ወረቀት፣ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት፣ አንዳንዴም የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ። እየቆየሁ ስሄድ አንድ ነገር አሳሰበኝ። የምናወጣው ሁሉ አስደንጋጭ ነው። የሚነድ ደን፣ የሚቀልጥ በረዶ፣ የሚሞት እንስሳ። ከግርጌው አሁኑኑ እርምጃ ውሰዱ የሚል ጽሑፍ አለ። ሰዉ እሱን ሲጫን የሚያገኘው ገንዘብ መላኪያ ገጽ ብቻ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ አያስፈራም አልልም። ያስፈራል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2024 ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው አማካይ በ1.55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የበለጠ ነበር። (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን መደበቅ ነውር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከድንጋጤው በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሰዉ ከደነገጠ ቆይቷል። የሚይዘው ሥራና አብሮት የሚሠራ ሰው ግን አላሳየነውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ብዬ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ምላሽ 1

መምህርት ናቸው። ሰላምታና ምስጋና አስቀድመው ነገሩን ወደ ክፍላቸው ወሰዱት። አንድ ድርጅት ያዘጋጀውን አጭር ቪዲዮ ለተማሪዎቻቸው አሳይተው ነበር። ከዚያ በኋላ ሞቅ ያለ ውይይት ይነሳል ብለው ጠብቀዋል። አንድ ልጅ ብቻ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ መማራችን ምን ይፈይዳል ብሎ ጠየቀ። ቪዲዮው ለዚህ ጥያቄ የተወው አንዲትም ቃል እንዳልነበረ ጽፈዋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም ይላሉ። እኔም እንደሳቸው አስባለሁ።

ምላሽ 2

በትህትና ተቃወመኝ። ፍርሃት ባይኖር ኖሮ የኦዞን ሽፋንን ማን ያድነው ነበር ብሎ ይጠይቃል። በ1985 ሳይንቲስቶች ከአንታርክቲካ በላይ ያለው ኦዞን ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ። ሽፋኑ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ስለሚከላከል ሰዉ የቆዳ ካንሰር ፈራ። መንግሥታትም በ1987 ኦዞኑን የሚያሳሳውን ጋዝ የሚገድበውን የሞንትሪያል ፕሮቶኮልን ፈረሙ። ሽፋኑ ዛሬ ቀስ በቀስ እያገገመ ነው። ስለዚህ ፍርሃትን አትናቁት የሚል ነው ክርክሩ።

ምላሽ 3

ምላሽ 2ን አረመችው። ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ቀርቷል አለች። ያኔ ፍርሃቱ ከመፍትሔው ጋር አብሮ ነበር የመጣው። ጋዙን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ተተኪ ኬሚካልም ተገኘ። ሸማቹ ሱቅ ገብቶ ጋዙ የሌለበትን የሽቶ ቆርቆሮ መምረጥ ይችል ነበር። የፈራ ሰው የሚያደርገው ነገር ነበረው። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ግን ያልተያያዘ የኑሮ ዘርፍ የለም። በዚህኛው ጉዳይ ፍርሃቱን ብቻ ነጥሎ ማቅረብ ሰውን መሐል ሜዳ ላይ መተው ነው አለች።

ምላሽ 4

ከምላሽ 3 ጋር መስማማቱን ብቻ ጽፎ ወጣ።

ምላሽ 5

ውይይቱ ፈር የያዘው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የምርምር ሥራ የምታውቅ ትመስላለች። በ2024 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አመጣች። በ63 አገሮች 59,000 የሚሆኑ ሰዎች የተሳተፉበት ነው። ተመራማሪዎቹ ስለ አየር ንብረት ቀውስ 11 ዓይነት የመልእክት አቀራረቦችን ፈትነዋል። አንዱ የሚመጣውን መዓት የሚያወራው ዓይነት ነበር። ሌላው ቀውሱን ወደ አንባቢው ኑሮ የሚያቀርብ ነበር። ሌላው ደግሞ ለመጪው ትውልድ ልጅ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነበር።

የመዓቱን መልእክት ያነበቡት ሰዎች መረጃውን በማኅበራዊ ሚዲያ ሼር ለማድረግ ከሁሉም የበለጠ ፈቃደኛ ሆኑ። ከዚያ ቀጥሎ ግን ትንሽ ልፋት የሚጠይቅ ፈተና ነበር። ቁጥሮችን እየለዩ አሰልቺ ሥራ ይሠራሉ፤ በሠሩት ልክ እውነተኛ ዛፍ ይተከላል። እዚህ ላይ መዓቱ አልጠቀመም። እንዲያውም ልፋቱን ቀነሰው። ደብዳቤ መጻፉ ለአየር ንብረት ፖሊሲዎች ያለውን ድጋፍ በጥቂቱ ከፍ አድርጓል። ቀውሱን ወደ አንባቢው ኑሮ ማቅረቡ ደግሞ በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ያለውን እምነት በጥቂቱ አጠንክሯል። ልዩነቶቹ ትንንሽ መሆናቸውን፣ ልፋትን የጨመረ አቀራረብም እንዳልተገኘ አልደበቀችም። ለዚህ ታማኝነቷ አከበርኳት።

ይህ ጥናት የድርጅቶችን ልማድ በደንብ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ። የሚቆጥሩት ሼር ነው። አስፈሪው መልእክት ሼር ያመጣል። ስለዚህ አስፈሪውን ይደግሙታል። ከስክሪኑ ውጭ የሆነውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልቆጠረም።

ምላሽ 6

ድምፁ እዚህ ላይ ተለወጠ። ድርጅቶቹ በማስፈራራት እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው ብሎ ጀመረ። አንድ የከሳ የዋልታ ድብ ቪዲዮ ዓለምን እንዳስለቀሰ፣ በኋላ ግን ውሸት ሆኖ እንደተገኘ አስታወሰ። ከዚያ በኋላ እነዚህን ሰዎች ማመን ማቆሙን ተናገረ። አሥራ ምናምን ላይክ ወዲያው አገኘ።

ምላሽ 7

ምላሽ 6ን መስመር በመስመር የሚመልስ ረጅም ጽሑፍ ነው። ቪዲዮው በ2017 በካናዳ አርክቲክ የተቀረጸ ነው። የቀረጹት ሲሌጋሲ የሚባል የባሕር ጥበቃ ድርጅት የመሠረቱ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ድቡ እውነተኛ ነበር፤ ረሃቡም እውነተኛ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ ግን የአየር ንብረት ለውጥ መልኩ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። የዚያ አንድ ድብ ረሃብ ከምን እንደመጣ ማንም አልመረመረም። ታሞ ሊሆን ይችላል፤ አርጅቶም ሊሆን ይችላል። መጽሔቱ ራሱ በ2018 ከመጠን ማለፉን በይፋ አመነ። ይህ ውሸት ከመፈብረክ ይለያል፣ ጉዳቱ ግን ያው ነው ይላል ጸሐፊው። የባሕር በረዶው መሳሳት በሳተላይት ተለክቶ የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ ተከራካሪው ስለ አንዱ ድብ ብቻ እንዲያወራ ዕድል ተሰጠው።

ቀጥሎ ያለው በጣም ጠቀመኝ። አንድን የተወሰነ ክስተት ከቀውሱ ጋር የሚያያይዝ ሳይንስ ዛሬ አለ። በሰኔ 2021 መጨረሻ ሊተን በተባለች የካናዳ መንደር 49.6 ዲግሪ ተመዘገበ። በማግስቱ መንደሯ በእሳት ወደመች። ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ያንን የሙቀት ማዕበል በቀናት ውስጥ መረመረ። ሰው ባመጣው የሙቀት መጨመር ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሙቀት ሊከሰት አይችልም ነበር ማለት ይቻላል የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። እንዲህ የተጣራ ነገር እያለ ያልተጣራውን ማስቀደም ለምን አስፈለገ? ጥያቄው የምላሽ 7 ነው። እኔም ለድርጅታችን አቅርቤዋለሁ።

ምላሽ 8

ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው። ድቡን ያየ ሰው ከንፈሩን መጦ ያልፋል ይላል። ድቡ ሩቅ ነው፤ ሰውም የለበትም። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በ2019 የሥዕል አመራረጡን እንደለወጠ ጠቅሷል። ከበረዶና ከድብ ይልቅ ቀውሱ የነካቸውን ሰዎች ማሳየት ነበር ሐሳቡ። ግን የሚያለቅስ ሰው ፎቶ ብቻ መደርደርም እንዳይጀመር አስጠነቀቀ። ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ የሚጠግኑ ሰዎችም ይታዩ አለ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ራሱ መልእክት ነው።

ምላሽ 9

ወጣት ነች። አጻጻፏ ቅን ነበር። ማታ ማታ ስልኳ ላይ እነዚህን መልእክቶች እያየች እንቅልፍ እንደምታጣ ጻፈች። ልጅ መውለድን እንኳ መፍራቷን አልሸሸገችም። ብቸኛ አይደለችም። በ2021 ላንሴት ፕላኔታሪ ኸልዝ ላይ የወጣ ጥናት፣ በ10 አገሮች ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 10,000 ወጣቶችን ጠይቆ ነበር። 59 በመቶው በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚጨነቁ ተናግረዋል። ከ45 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሜቱ የዕለት ኑሯቸውን እንደሚያውክ ገልጸዋል። ጥናቱን እኔ ነኝ ከሥር የጨመርኩላት፤ ሕመሟን የግሏ ብቻ አድርጋ እንዳትወስደው ብዬ ነው።

ምላሽ 10

ምላሽ 9ን ክፉኛ ተናገራት። የዛሬ ልጆች ስልክ ይዞ ማልቀስ እንጂ ሌላ አታውቁም አይነት ነገር ነው። በዚያ ላይ የኔን 1.55 ዲግሪ አንስቶ፣ የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት የ1.5 ዲግሪ ገደብ ካለፈ ምን ቀረ፣ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ዝም ብላችሁ ኑሩ አለ።

ምላሽ 11

እሳት ለብሶ መጣ። እስካሁን በ«እርስዎ» ሲሄድ የነበረው ውይይት እዚህ ላይ ወደ «አንተ» ወረደ። ለጨነቃት ልጅ እንዲህ የሚመልስ ሰው ቢያንስ ዝም ማለት ይችላል አለው። ሌላም ጠንከር ያለ ቃል ነበረበት፤ አልደግመውም። ንዴቱ ግን ተገቢ ነበር።

ምላሽ 12

ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ ሌላ እሳት ለኮሰ። ጣታችሁን እርስ በርስ አትቀስሩ፣ ጥፋተኛው ሌላ ነው ብሎ የካርቦን አሻራን ታሪክ አመጣ። አሻራው አንድ ሰው በኑሮው የሚያስከትለው የጋዝ ልቀት መጠን ነው። ለዚህ መነሻ የሆነውን የሥነ ምህዳር አሻራ የሚለውን ሐሳብ በ1990ዎቹ ያፈለቁት ዊሊያም ሪስና ማቲስ ዋከርናገል የተባሉ ምሁራን ናቸው። የግለሰብ የካርቦን አሻራን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ነዳጅ አውጪው ቢፒ ነው። በ2004 ሰው የራሱን ልቀት የሚያሰላበት ማስያ ድረ ገጹ ላይ አወጣ። የአካባቢ ድርጅቶችም ያንኑ ማስያ እየገለበጡ ገጻቸው ላይ አደረጉት። ሰዉ መብራቱንና ጉዞውን እያሰላ ሲጸጸት፣ ነዳጅ የሚያወጣው ከጥያቄ ውጭ ሆነ።

ምላሽ 13

ይህ ውሃ የማያነሳ ሰበብ ነው አለ። ኩባንያው የሚያወጣውን ነዳጅ የሚያቃጥለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 12 መለሰ። ምላሽ 13 ደገመ። ከዚያ የአውሮፕላን ጉዞ ነገር ተነሳ። በ2023 ዱባይ ላይ ለተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ80,000 በላይ ሰው ሄዷል የሚለው ተነሳ። ከዚያ የኑክሌር ኃይል፣ ከዚያ የወረቀት መጠጫ ቱቦ ተነሳ። አብዛኛው ከጉዳያችን ወጣ ያለ ስለሆነ አልፈዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መልእክቱ የግለሰብ ጸጸት ላይ ሲቆም ግን ሰዉ ድምፁን፣ ማኅበሩን፣ የሥራ ቦታውን ይረሳል። ብዙ ሊሠራ የሚችለው ደግሞ እዚያ ነበር።

ምላሽ 14

የተቃውሞ ሰልፈኞችን ደግፎ ጻፈ። በጥቅምት 2022 ጀስት ስቶፕ ኦይል የተባለው ነዳጅ ተቃዋሚ ቡድን ወጣቶች ለንደን ውስጥ በሠዓሊው ቫን ጎኽ የሱፍ አበባዎች ሥዕል ላይ የቲማቲም ሾርባ ደፉ። ሥዕሉ በመስታወት የተሸፈነ ስለነበር አልተነካም፤ ፍሬሙ ግን ተጎድቷል። ዓለም ሁሉ አወራ። ጨዋ ጨዋ ደብዳቤ ለዓመታት ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል፣ ስለዚህ መረበሽ ግድ ነው ይላል። ቡድኑ በ2025 ይህን ዓይነቱን ተግባር ማቆሙን ሲያሳውቅ፣ ብሪታንያ ለአዲስ የነዳጅና የጋዝ ፍለጋ ፈቃድ እንዳትሰጥ የጠየቀው መንግሥታዊ ፖሊሲ ሆኗል ማለቱንም አስታውሷል።

ምላሽ 15

ምላሽ 14ን ጠንከር አድርጎ መለሰ። ዓለም ያወራው ስለ ሾርባው ነው ወይስ ስለ ነዳጁ? የፖሊሲው ለውጥ በሾርባው መጣ ማለትስ ማስረጃው የታለ? ሌላም ምሳሌ ጨመረ። በታኅሣሥ 2014 ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ፔሩ ውስጥ፣ ናዝካ በሚባሉት መሬት ላይ በተሳሉ ጥንታዊ መስመሮች አጠገብ ትልልቅ ፊደላት ዘረጋ። የፔሩ ሕዝብ ቅርሱ ስለተረገጠ ተቆጣ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ። መልእክቱ ስለ ታዳሽ ኃይል ነበር፤ የቀረው ትዝታ ግን በቅርስ መሬት ላይ የታየው የእግር ዱካ ነው። ኤክስቲንክሽን ሪቤልየን የተባለው የተቃውሞ ቡድንም በ2023 መባቻ ሕዝብን ከማወክ ወጥቶ ሰውን ወደ ማሰባሰብ እንደሚያደላ ማስታወቁን ጠቅሷል።

እኔ እዚህ ላይ ከምላሽ 15 ጋር ነኝ። ሆኖም ምላሽ 14 የጠየቀው ጥያቄ አልተመለሰም። በጨዋነት የተጻፈ ነገር ሰሚ ሲያጣ ምን ይደረጋል? ማንም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 16

ሳይንሱን የሚያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ምላሽ 10ን አረመ። የፓሪሱ ስምምነት 1.5 ዲግሪ የሚለካው በረጅም ዓመታት አማካይ ነው፤ የአንድ ዓመት ሙቀት ገደቡን አያፈርሰውም። ቀጥሎ 12 ዓመት ቀረን ወደሚለው መፈክር ሄደ። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ሙቀቱን 1.5 ላይ ለማቆም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት እስከ 2030 ከ2010ው በ45 በመቶ ገደማ መቀነስ፣ በ2050 አካባቢም የተጣራው (ከሚለቀቀው ላይ ከአየር የሚወገደው ሲቀነስ የሚቀረው) ዜሮ መድረስ እንዳለበት አስቀምጦ ነበር። ብዙ ድርጅቶች ይህን የዓለም ፍጻሜ ቀጠሮ አስመሰሉት። ቀጠሮ ሲያልፍ ደግሞ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። ወይ ዋሽተውናል ይላል፣ ወይ አልቆልናል ይላል። ምላሽ 10 ሁለተኛው ላይ መድረሱን በጨዋነት ጠቆመው።

በዚያው ሪፖርት መሠረት በ1.5 ዲግሪ ኮራል የተባሉት የሞቃት ባሕር እንስሳት ከ70 እስከ 90 በመቶ ይቀንሳሉ። በ2 ዲግሪ ግን ከ99 በመቶ በላይ ይጠፋሉ። በመሐል ያለው ግማሽ ዲግሪ ይህን ያህል ያተርፋል። እያንዳንዷ የዲግሪ ክፋይ ዋጋ አላት። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የተጣራው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ዜሮ ሲደርስ ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከ2010 እስከ 2019 ደግሞ የፀሐይ ኃይል ዋጋ በ85 በመቶ ወርዷል። ይህንን በአንድ የድርጅት ፖስተር ላይ አይቼ አላውቅም አለ። እኔም አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር አናደደኝ።

ምላሽ 17

አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ አሳልፈዋል። ሰው የሚሰንፈው ብቻዬን ነኝ ሲል ነው ብለው ጀመሩ። በ2024 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ ላይ የወጣ ጥናት ልጃቸው እንዳሳያቸው ጻፉ። በ125 አገሮች ወደ 130,000 ሰዎች ተጠይቀዋል። 69 በመቶው ከወር ገቢያቸው 1 በመቶ ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው። 89 በመቶው መንግሥታቸው የበለጠ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ከሌላው ሰው መካከል ስንቱ ፈቃደኛ ይመስላችኋል ተብለው ሲጠየቁ ግን ግምታቸው 43 በመቶ ገደማ ላይ ቀረ። እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ ግድ የለውም ብሎ ያስባል። ጎረቤቱም እንዲሁ። አዛውንቱ በማኅበር ሥራቸው ይህንን ሁልጊዜ ያዩት እንደነበር ተናገሩ። የስብሰባው አዳራሽ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ራሱን ብቸኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

ለምላሽ 9 ደግሞ ለብቻ ጻፉላት። ልጄ ብለው ጀምረው፣ ስልኩን ማታ ማታ ትታ ባካባቢዋ አንድ ቡድን እንድትፈልግ መከሯት። ለምላሽ 10ም አልተቆጡም። ተስፋ መቁረጡን እንደሚረዱ፣ በልጅ ላይ ማውረዱን ግን እንደማይወዱ ነገሩት። ምላሽ 10 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ምላሽ 18

ነርስ ነች። ማን ይናገር የሚለው ተረስቷል አለች። ሰው ከማያውቀው ድርጅት ይልቅ የሚያክመውን ሰው ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው የውጭ አየር ብክለት በ2019 ብቻ 4.2 ሚሊዮን ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው ቀጥፏል። ከዚህ ብክለት ብዙው የሚመጣው ሙቀቱን ከሚያባብሰው ከዚያው ነዳጅና ከሰል ማቃጠል ነው። አስም ያለበት ልጅ ለያዘች እናት ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድርጅቶች ነርሶችን፣ ገበሬዎችን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ቃሉን ይስጧቸው አለች።

ምላሽ 19

ለዓመታት እርዳታ ማሰባሰብ ላይ የሠራ ሰው ነው። ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ፣ ግን አስፈሪው ደብዳቤ ገንዘብ ያመጣል አለ። ያ ገንዘብ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ጥናት ያስጠናል። ደብዳቤውን ብትለውጡና ገቢው ቢወርድ ማን ይሸፍናል? ራሱም ያስተዋለውን ግን አልደበቀም። የሚሰጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ እየቆዩም ይደክማሉ፤ አዲስ ሰው አይመጣም።

ምላሽ 20

ምላሽ 5 ተመልሳ መጣች። ክርክሩ በግምት አያልቅም፣ ሁለቱንም ሞክሩት አለች። ለአንዱ ወገን የተለመደው ደብዳቤ ይሂድ፣ ለሌላው አዲሱ። ዕጣ አውጥታችሁ መድቡ። ላይክ አትቁጠሩ። ገንዘቡንም፣ በአካል የመጣውንም፣ ከወራት በኋላ አብሮ የቆየውንም ለየብቻ ቁጠሩ።

ሐሳቧን ተቀብያለሁ። አዲሱን ደብዳቤ ጽፌ ለድርጅቱ ኃላፊዎች ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ ላይ የተጣራ አንድ ክስተት አለ፤ የሊተኑን ሙቀት መርጫለሁ። ቀጥሎ በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ሰዎች ስማቸውና ሥራቸው አለ። ከዚያ የሚቀጥለው ስብሰባ ቀንና ሰዓት። የገንዘቡ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ ኃላፊ የገንዘቡ ጥያቄ ወደ ላይ ይውጣ ብለዋል። እኔ ስብሰባው ይቅደም ብያለሁ፤ ገና አልተስማማንም።